የጋዝጊብላ ሕፃናት ዓይን የመሰከረው

ልጁ እናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። እሷ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ደግፋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። መርማሪው አዲስ ጓንት ያጠልቅና «አይዞህ ማሙሽ፣ ወደ እግርህ እይ» ይለዋል። ልጁ ቁልቁል ሲያይ መርማሪው የላይኛውን ሽፋሽፍት በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዝና የዓይን ቆቡን ይገለብጠዋል። የጤነኛ ልጅ ቆብ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ሮዝ መልክ ያለውና ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚታዩበት። ትራኮማ የያዘው ግን ነጣ ነጣ ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይታዩበታል። ስፋታቸው ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ እብጠቶች ከተቆጠሩ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ልጁ ንቁ ትራኮማ አለበት ይባላል። መርማሪው በዚህ አያበቃም። ጫፉ ላይ ክር መሰል ነገር የተጠቀለለበትን ቀጭን ዘንግ በተገለበጠው ቆብ ላይ እያሽከረከረ ናሙና ይወስዳል፣ ቱቦ ውስጥ ይከታል፣ ቁጥር ይለጥፍበታል። ልጁ ያለቅሳል። እናቱም በነጠላዋ ጫፍ እንባውን ትጠርግለታለች።

ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሦስት ወረዳዎች፣ በጋዝጊብላ፣ በሰቆጣ ዙሪያና በደሃና፣ ይህ ምርመራ በየዓመቱ ተካሂዷል። ከጋዝጊብላዋ ከተማ ከአስከተማ ወጣ ብለው ባሉ የገጠር መንደሮች ሕፃናት ዓይን ላይ የተገኘው ውጤት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሕዝብ ጤና በሚያስተምሩ ክፍሎች የሚነበብ፣ የጤና ፖሊሲ በሚያወጡ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚያከራክር እውቀት ሆኗል። የጋዝጊብላ ሰው ለዓለም የሰጠው እውቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚያሳስበኝ እውቀቱ ለሰጪው ተመልሶ የሚደርስበት መንገድ ነው።

በሽታውን ሕዝቡ የዓይን ማዝ ይለዋል። መንስኤው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን በዋናነት የሚራባው በትንንሽ ልጆች ዓይን ውስጥ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት የሚሻገረው በጣት፣ ፊት በተጠረገበት ጨርቅና በዓይን አር ላይ በሚያርፉ ዝንቦች አማካይነት ነው። እናትየዋ እንባ የጠረገችበት የነጠላ ጫፍ ከታላቁ ልጅ ወደ ታናሹ፣ ከታናሹም ወደ ራሷ ሊያሻግረው ይችላል። የዝንቡም ጠባይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በሽታውን ያስተላልፋል የሚባለው ዝንብ እንቁላሉን መጣል የሚመርጠው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር እንጂ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ስለ ዓይን ሲያስተምሩ ስለ ሽንት ቤት የሚያነሡት ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ዓይን የሚጠፋው ልጅነትን ሙሉ ደጋግሞ በመያዝ ነው። ቆቡ ውስጥ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደራረብና ከዓመታት በኋላ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ሽፋሽፍቱ ይቀለበስና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይቧጥጣል። ይህን ሕመም የሚያውቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሕፃናቱን የሚያቅፉት፣ የሚያጥቡት፣ አብረዋቸው የሚተኙት እነሱ ስለሆኑ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። በገጠሩ አንዲት ባልቴት ወረንጦዋን በመቀነቷ ቋጥራ መያዟ የተለመደ ነው፤ የተቀለበሰውን ፀጉር አንድ በአንድ እያስነቀለች ቀኑን ለመግፋት። የተነቀለው ፀጉር ሲያቆጠቁጥ ደግሞ አጭርና ሹል ሆኖ ይመለሳል። ጭስ የሞላበት ማድ ቤት፣ የአውድማ አቧራ፣ የቀትር ፀሐይ ሁሉም ጠላቶቿ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት የችግሩን ልክ በቁጥር አስቀምጦት ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል 62.6 በመቶ፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ማለት ይቻላል። ዛሬም ትራኮማ ከሚያሰጋው የዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

መልሱ ከኅዳር 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ወደ ክልሉ ቀበሌዎች ገባ። ማልትራ የሚባለው የወባና የትራኮማ ሳምንት ሲደርስ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በየመንደሩ ይሰማሩ ነበር። ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ይሰለፋል፤ ክብደት በሚዛን በመለካት ፋንታ ምልክት የተደረገበት ዘንግ አጠገብ ያቆሙትና በቁመቱ ልክ የአዚትሮማይሲን ኪኒን ይቆጠርለታል። ለትንንሾቹ ሽሮፕ፣ 6 ወር ላልሞላቸው ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። መድኃኒቱን ፋይዘር በነፃ ይሰጣል፤ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር ሆኖ ያዳርሳል። በብዙ ወረዳዎች በሽታው ወደ ታች ወረደ።

አንዳንድ ቦታ ግን እምቢ አለ። ዋግ ኽምራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ለ7 ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላም ባክቴሪያው ከሕፃናቱ ዓይን አልጠፋም። አንዴ የታረመ ማሳ ሥሩ ካልተነቀለ በክረምት እንደገና አረም እንደሚወርሰው፣ መድኃኒቱ የቀነሰው በሽታ ዓመት ሳይሞላ መልሶ ይበቅል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ በዘርፉ ለረጅም ጊዜ ሲንከባለል የቆየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው የትራኮማ መከላከያ ስልት አራት እግሮች አሉት፦ ቀዶ ሕክምና፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማስረጃቸው ጠንካራ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በአብዛኛው የቆሙት በታሪክና በአመክንዮ ላይ ነበር። በአብዛኛው አውሮፓ ትራኮማ የጠፋው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሳይኖር ነው፤ ሰው ውኃ ቤቱ ድረስ ሲገባለት፣ አልጋ ሲበዛ፣ ኑሮ ሲሻሻል። እንግዲያውስ ውኃና ሳሙና ብናቀርብ፣ ሽንት ቤት ብናስቆፍር፣ ፊት መታጠብን ብናስተምር በሽታው ይቀንሳል? አዎ የማይል ሰው ለማግኘት ይቸግራል። በወጉ የተፈተነ መልስ ግን እምብዛም አልነበረም። በታንዛኒያ ኮንግዋ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት ከመድኃኒት ጋር የተጨመረ የፊት መታጠብ ዘመቻ ከባዱን ትራኮማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በእኛው በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ የተደረገው የሽንት ቤት ጥናት በበኩሉ በኢንፌክሽኑ ላይ ልዩነት አላገኘም።

ጥያቄውን ወደ ዋግ ያመጣው በሳንፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የፍራንሲስ ፕሮክተር ፋውንዴሽን ነው። የተቋሙ ታሪክ ከትራኮማ ጋር የተሳሰረ ነው። ዶክተር ፍራንሲስ ፕሮክተር የቦስተን የዓይን ሐኪም ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በዚያ ባሉ ነባር ሕዝቦች መካከል ትራኮማን ሲያጠኑ ኖሩ። ከሞቱ በኋላ ባለቤታቸው ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1947 ተቋሙን በስማቸው መሠረቱ። ይህን የማነሣው ትራኮማ የአፍሪካ ዕጣ ብቻ የሚመስላቸው ስላሉ ነው። ያኔ የአሜሪካ ድኆች በሽታ ነበር፤ ድኅነቱ ሲለቃቸው በሽታውም ለቀቃቸው።

ጥናቱ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ውኃ» ተብሎ ይነበባል፤ አጥኚዎቹ ሆን ብለው ያወጡለት ስም ነው። ከካርተር ማዕከል የኢትዮጵያ ቢሮና ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ጋር በመተባበር 40 የገጠር ማኅበረሰቦች ተመረጡና ዕጣ ወጣላቸው። 20ዎቹ የውኃ፣ የአካባቢና የግል ንጽሕና አገልግሎት በአንድ ጊዜ እንዲያገኙ ተደረገ፦ የውኃ ተቋም ግንባታ፣ ሽንት ቤት እንዲቆፈር ማስተባበር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ የንጽሕና ሠራተኞች፣ ሳሙና፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የንጽሕና ትምህርት። ሌሎቹ 20ዎቹ ባሉበት ቀጠሉ። ሥራው የተጀመረው ኤልኒኖ ያስከተለው ድርቅ ዋግን ባጠቃበት በ2008 ዓ.ም. መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በዚያ ዓመት ስለ ውኃ ማውራት ስለ ሕይወት ማውራት ነበር።

ዕጣ ማውጣቱ ብዙ ሰው የሚያስከፋ ነገር ነው። «ለምን ለእነሱ ተቆፈረላቸው፣ ለእኛ ለምን አልተቆፈረም?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጥያቄው ትክክል ነው። ዕጣው ያስፈለገው ያለ እሱ እውነቱን መለየት ስለማይቻል ነው። ውኃ የሚደርሰው አስቀድሞ መንገድ ለቀረበው፣ ለተደራጀው ወይም ሰሚ ላለው ቀበሌ ከሆነ፣ በኋላ የሚታየው ጤና ከውኃው ይምጣ ከመንገዱ ማን ያውቃል? ዕጣ ሁለቱን ወገኖች በአማካይ ያመሳስላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት፣ ከአጋጣሚ በቀር፣ የውኃው ይሆናል።

የናሙናው ጥንቃቄም አንድ ነገር ይነግረናል። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ናሙና ወሳጁ አልፎ አልፎ አንድ ዘንግ ወደ ልጁ ዓይን ያስጠጋል፤ ሳያስነካ ግን ይመልሰዋል። ይህ ባዶ ዘንግ እንደሌሎቹ ቁጥር ተለጥፎበት ላቦራቶሪ ይገባል። ላቦራቶሪው ባዶው ላይ ባክቴሪያ አገኘሁ ካለ፣ እግረ መንገዱን አንድ ነገር ተበክሏል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሕፃን በተነካ ቁጥር ጓንት ይቀየራል። ለተማሪዎች ከሙሉ ሴሚስተር ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ይህችን ባዶ ዘንግ ባሳያቸው እመርጣለሁ። ሳይንስ ራሱን የሚጠራጠረው እንዴት እንደሆነ በእጅ የሚዳሰስ ማሳያ ናት።

ውጤቱ በጥር 2014 ዓ.ም. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ወጣ። የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ ሰለሞን አራጌ ኢትዮጵያዊ ነው። ሲጀመር በሁለቱም ወገን ዕድሜያቸው እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 11 በመቶው ባክቴሪያው ዓይናቸው ውስጥ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ውኃውና ትምህርቱ በገባላቸው ማኅበረሰቦች 32 በመቶ፣ ባልገባላቸው 31 በመቶ ደረሰ። በሁለቱም ጨመረ። በመካከላቸው በስታትስቲክስ ሚዛን የሚደፋ ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ቁጥር በወጉ መረዳት ያስፈልጋል፤ ለተሳሳተ ንግግር የተመቸ ነውና። ውኃና ሳሙና አይጠቅሙም አላለም። ያለው ነገር የተወሰነ ነው፦ በ3 ዓመት ውስጥ፣ እንዲህ ባለ ከፍተኛ ሥርጭት ባለበት አካባቢ፣ በዚህ መጠን የቀረበ የውኃና የንጽሕና አገልግሎት ብቻውን የትራኮማን ኢንፌክሽን አልቀነሰም። እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። ተመሳሳይ ነገር በሌላም ቦታ ታይቷል። በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በዚምባብዌ የተካሄዱት ትልልቅ የውኃና የንጽሕና ጥናቶች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 ሲወጣ፣ አገልግሎቱ የሕፃናትን ቁመት አልጨመረም። በባንግላዴሽ ተቅማጥ ቀንሷል፤ በኬንያና በዚምባብዌ አልቀነሰም። እንግዲህ ዘርፉ ራሱን እንዲጠይቅ ተገደደ፦ በየመንደሩ አንድ የውኃ ቦኖና በየቤቱ አንድ ጉድጓድ ይበቃል? ወይስ የአውሮፓን ትራኮማ ያጠፋው ለውጥ ከዚህ እጅግ የበለጠ ነበር?

እኔ ወደ ኋለኛው አዘነብላለሁ። የጋዝጊብላን ተዳፋት ለሚያውቅ ሰው አንድ የውኃ ተቋም ሁሉንም ጎጆ እኩል አይቀርብም። ውኃው ቀርቦም ቢሆን 20 ሊትሩ ጀሪካን ቤት ሲገባ ወረፋ ይጠብቀዋል፤ መጀመሪያ ለመጠጥ፣ ከዚያ ለእንጀራው ሊጥ፣ ከዚያ ለወጡ፣ ለጥጃው። የልጅ ፊት የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ፊት ለማጠብ ግማሽ ኩባያ ውኃ እንደሚበቃ ማስተማር ጥሩ ነው። ነገር ግን አንዲት እናት ያንን ግማሽ ኩባያ ለአምስት ልጅ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ጊዜዋና በየትኛው ጉልበቷ? ፊቱ የታጠበ ልጅ ደግሞ ማታ ተመልሶ ካልታጠበው ጋር በአንድ ጋቢ ይጠቀለላል።

ለውኃ የሚሟገቱ ሰዎች ሲያጠፉ የማየው እዚህ ላይ ነው። ለጋሽ ለማሳመን ብለው ውኃን የትራኮማ መድኃኒት፣ የተቅማጥ መድኃኒት፣ የመቀንጨር መድኃኒት አድርገው ያቀርቡታል። ጥናቱ አልቀነሰም ሲል በጀቱም ከውኃው ላይ ይነሣል። የሰቆጣን ስም የያዘው፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀውና ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት በተነሣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ውስጥም ውኃና ንጽሕና ትልቅ ቦታ አላቸው። አንዲት ሴት በቀን ብዙ ሰዓት ቁልቁለት ወርዳ ዳገት ወጥታ ውኃ እንዳትቀዳ ማድረግ በባክቴሪያ ቁጥር የሚመዘን ጉዳይ አይደለም። መብቷ ነው። ሴት ልጇ ትምህርት ቤት መዋሏ ነው። ዓይኑን ግን በመድኃኒቱና በቀዶ ሕክምናው መከተል ግድ ነው።

ከኢትዮጵያ የወጣ ሌላ ግኝትም በዚሁ መንገድ ዓለምን ዞሯል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጎንቻ ሲሶ እነሴ በተካሄደው የትራኮማ ጥናት አዚትሮማይሲን በተሰጠባቸው ማኅበረሰቦች የሕፃናት ሞት ቀንሶ ተገኘ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ብዙዎች ያልጠበቁት ነገር ነበር። ያ ፍንጭ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ወደ ተካሄደ ግዙፍ ጥናት አመራና እ.ኤ.አ. በ2018 የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱ ተረጋገጠ። የጎጃም ገበሬ ልጆች ዓይን ሲመረመር የታየች ነገር በሳህል በረሃ ጠርዝ ላለ ሕፃን ነፍስ ተረፈች። ይህን በጎንቻ ስንት ሰው ያውቀዋል?

ጥያቄው ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይመልሰኛል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም የተፈጠረው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነበር። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ባንድ ቡድን አሠልጥኖ ገጠር ያወርድ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ተቋም የቡድን ሥልጠናውን ባህል ይዞ ቆይቷል፤ ከተለያየ የጤና ትምህርት የመጡ ተመራቂ ተማሪዎች ባንድነት ጤና ጣቢያ ወርደው የአካባቢውን ችግር ያጠናሉ፣ ያስተምራሉ። በዳባት ወረዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞት የሚመዘገብበት የምርምር ጣቢያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 2010 መካከል በካርተር ማዕከል የተደገፈው የሕዝብ ጤና ሥልጠና መርሐ ግብር ሰባት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችን አስተባብሮ በአገር መምህራን የተጻፉ የመማሪያ ጽሑፎችን አዘጋጅቷል። ከዚያ በፊት ብዙው ተማሪ የሚያነበው በውጭ አገር ምሳሌ የተሞላ መጽሐፍ ነበር።

ሁሉም መልካም ነው። የሚጎድለው አንድ ማያያዣ ነው። የዋግ ኽምራው ጥናት የታተመበት መጽሔት ለማንም ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ ይነበባል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቻቸውን አቅፈው ለናሙና ያቀረቡት እናቶች አማርኛና ኽምጣና ይናገራሉ። ጽሑፉ በወጣበት ወር ሰቆጣና አካባቢዋ ከሰሜኑ ጦርነት ገና አላገገሙም ነበር፤ ጤና ኬላዎች ተዘርፈው፣ ሰው ተፈናቅሎ። በዚያ ሰዓት ስለ ክላሚዲያ ሥርጭት የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ የሚፈረድበትም የለም። ጊዜው አሁን ነው።

ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ለሚቀጥለው የቡድን ሥልጠና ከሚወጡት ተማሪዎች አንድ ቡድን ወደ አስከተማ ይላክ። ከመውጣታቸው በፊት ጽሑፉን ከአስተማሪያቸው ጋር ቁጥር በቁጥር ያንብቡት። ኽምጣና የሚናገር ተማሪ ከመካከላቸው ይኑር፤ ከሌለ ከሰቆጣ የመምህራን ኮሌጅ ወይም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይፈለግ። ሁለት ገጽ ይጻፍ፦ ምን ጠየቅን፣ ምን አደረግን፣ ምን አገኘን፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ልጆቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ መምጣታችሁ ለምን ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልጋል። ወረንጦ የያዙት እናቶች ደግሞ የተቀለበሰ ፀጉር በማደንዘዣ መርፌ ታግዞ በቀዶ ሕክምና እንደሚስተካከል፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያ እንደሚሠራውና በነፃ እንደሆነ ይነገራቸው። ንባቡ በጤና ኬላው ግቢ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሰንበት ቢደረግ ሰው ይሰበሰባል። ያ ሽማግሌም ተነሥቶ «ውኃው ለእኛ ለምን አልተቆፈረም?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪዎቹ ዕጣው ለምን እንደወጣ ያስረዱት፤ ከዚያ ጥያቄውን በማስታወሻቸው መዝግበው ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ያድርሱት።